ድርቆሽ የሚገዛው በኅዳር ነው

እህቴ፣ ባልዲውን አስቀምጪውና መጀመሪያ እንስሶቹን እዪያቸው። አዎ፣ ርቧቸዋል፤ ትንሽ ይታገሡ። አንቺ ሥራሽን ስትሠሪ እኔ ከኋላሽ ቆሜ እለፈልፋለሁ፤ ታላቅ እህት የተፈጠረችው ለዚህ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ እንጦጦ ጥግ፣ ሁለት ፈረስና አራት በግ ይዞ መኖር ከሩቅ ሲያዩት ደስ ይላል። ቅዳሜና እሑድ ልጆች ፈረስ ይቀመጣሉ፣ በጎቹ ግቢ ውስጥ ይቦርቃሉ፣ ፎቶ ይነሣል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ኑሮ የሚያውቀው ግን ፋንድያውን የሚዝቀው ሰው ነው። የምነግርሽ ብዙ ቢመስልም ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፦ በእንስሳ ቤት ሁሉም ነገር የሚሠራው ቀደም ተብሎ ነው። ድርቆሽ የሚገዛው በኅዳር ሜዳው ሲታጨድ ነው፤ በሰኔ ከጠፋ በኋላ ብትሮጪ ዋጋ የለውም። በር የሚጠገነው ጅብ ሳይመጣ ነው። በጉ ይታረዳል ወይስ ይኖራል የሚለውም የሚወሰነው ልጆቹ ስም ሳያወጡለት ነው።

እዪያቸው ስልሽ ዝም ብለሽ ተመልክተሽ እለፊ ማለቴ አይደለም። መኖ ከቀረበ በኋላ ሁሉም ግር ብሎ ይረባረባል፤ ያኔ የትኛው እንዳኮረፈ፣ የትኛው እንደደከመ አይለይም። ስለዚህ ምግብ ከማቅረብሽ በፊት ጋጣውን ቃኚ። የማታው ድርቆሽ አልቋል ወይስ ተርፏል? ፋንድያው እንደ ወትሮው ነው ወይስ ደርቆ ጥቂት ብቻ ነው? ፈረስ አንድ የኋላ እግሩን አሳርፎ ቢቆም ልማዱ ነው፣ ቆሞም ያንቀላፋል። የፊት እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ላለመርገጥ ከተጠነቀቀ ግን አሞታል። ጎኑን ዞሮ ዞሮ የሚያይ፣ መሬቱን በሰኮናው የሚቧጥጥ፣ ተኝቶ እየተነሣ መልሶ የሚተኛ ከሆነ ሆዱን ቆርጦታል፤ ለሐኪም ደውዪ። በግ ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል። ከጓደኞቹ ተነጥሎ ጥግ የያዘ፣ ጆሮው የወደቀ፣ የማያመሰኳ በግ ካየሽ ሌላ ምልክት አትጠብቂ።

ጋጣው ግድግዳ ላይ በጉልህ የምትጽፊያቸው ቁጥሮች አሉ። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፣ ልቡ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፣ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። የበግ ሙቀት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከ38.5 እስከ 39.5 አካባቢ ነው። ፋርማሲ ከሚሸጠው ቴርሞሜትር አንዱን ለእነሱ ብቻ ለዪ፤ የሚለካው በፊንጢጣ ነው። ታዲያ ደህና ሳሉ እየለካሽ የእያንዳንዳቸውን ልክ እወቂ። በደህናው ቀን ያልለካ ሰው በክፉው ቀን የሚያገኘው ቁጥር ግራ ያጋባዋል።

በይ አሁን መኖውን አቅርቢ። መጀመሪያ ድርቆሹን፣ እህሉን በኋላ። የፈረስ ጨጓራ ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ደግሞም ፈረስ ማስመለስ አይችልም። የበላው ካልተስማማው ወደ አፉ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያለ ቶሎ ቶሎ መብላት አለበት። ገብሱንና ፉሩሽካውን ጠዋት ከምረሽለት እስከ ማታ ብትጠፊ ቁርጠቱን በገዛ እጅሽ ጠራሽው። የመኖ ዓይነት ስትለውጪም ከአሮጌው እየቀነስሽ፣ አዲሱን እየጨመርሽ ሳምንት አሥር ቀን ውሰጂ። እህል በልቶ ወዲያው ዳገት አይውጣ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ።

ስንት ይብላ ለማለት ስንት እንደሚመዝን ማወቅ ይኖርብሻል። የፈረስ ሚዛን የለንም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ግን አለ። ከፊት እግሮቹ ጀርባ ያለውን ደረቱን ዙሪያውን ለኪ። ቀጥለሽ ከትከሻው ጫፍ እስከ ዳሌው ጫፍ ርዝመቱን ለኪ። የደረቱን ልክ በራሱ አባዢው፣ የመጣውን በርዝመቱ አባዢው፣ ከዚያ ለ11,880 አካፍዪው። ደረቱ 140፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ ወደ 214 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ስጪው፤ 4 ኪሎ ከሩብ ገደማ ይሆናል። በዓመት ስታስቢው ለአንድ ፈረስ ብቻ ከ15 ኩንታል በላይ ነው። ሁለት ፈረስ አለሽ፣ በጎቹም አሉ። አየሽ? አንድ እስር እየገዙ መኖር የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ደግሞ ከተራራው አታገኚውም። እንጦጦ ላይ ያለው ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ለማገዶ እጥረት መላ ተብሎ የመጣው ባሕር ዛፍ ተራራውን ወርሶታል፤ ከሥሩ የረባ ሣር አይበቅልም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሰፊው ቦታ ፓርክ ሆኗል፤ እንደ ድሮው ከብት ለቆ መዋል የለም። መኖሽ የሚመጣው ከተራራው ማዶ ከሱሉልታ ሜዳ፣ ወይም በምሥራቅ በኩል ከሰንዳፋ ነው። ሜዳው ክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ይከርማል፤ ዝናቡ ሲያቆም ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይታጨዳል። ያኔ ጭነቱ በየመንገዱ ነው፣ ዋጋውም ይቀመሳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን ያንኑ ድርቆሽ ያከማቸው ነጋዴ ፊትሽን እያየ ይሸጥልሻል። ስለዚህ ዕቁብ ግቢ፤ ዕጣሽ ለኅዳር እንዲሆን ዳኛውን ከአሁኑ አስፈቅጂ።

ስትገዢ ከላይ ያለውን ውበት አትመኚ። እስሩን አስፈቺና እጅሽን እስከ ክርንሽ ድረስ መሀሉ ክተቺ። መሀሉ ከሞቀ ሳይደርቅ የታሰረ ነው፤ ይሻግታል፣ ሲብስም ተቃጥሎ እሳት ያስነሣል። ከመሀሉ አንድ ጭብጥ አውጪና ፊትሽን መለስ አድርገሽ አራግፊው። ነጭ ብናኝ ከቦነነ፣ ወይም የታፈነ ቤት ሽታ ከሸተተ ተዪው፤ ፈረሱን ያስለዋል፣ ሆዱንም ያውከዋል። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ ጨርሶ አይጠፋም፣ ቅጠሉ አይረግፍም፣ ሽታው ያስጎመጃል። አስገብተሽ ደግሞ መሬት ላይ አትከምሪው። አጣና ረብርበሽ ከመሬት አንሺው፣ ከግድግዳውም አርቂው፤ የእንጦጦ ጭጋግ ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ ነው።

በጎቹን ከፈረሶቹም ከዶሮዎቹም ለይተሽ መግቢ። የዶሮ መኖ ውስጥ መዳብ አለ፤ ዶሮን አይጎዳም፣ በግ ግን ጉበቱ ውስጥ ያከማቸዋል። ሳምንታት ምንም ሳይታይበት ይቆይና አንድ ቀን ድንገት ይወድቃል። የዶሮውን ጆንያ በግ በማይደርስበት ቦታ ቆልፊበት። ሁለተኛው ጠላት ሊጥ ነው። የዓውዳመት ዋዜማ ለድፎ የተቦካ ሊጥ፣ የተሰጣ እህል፣ ክፍት የቀረ የዱቄት ዕቃ አይጠፋም። በግ ያንን ካገኘ እስኪጠግብ አይደለም፣ እስኪነፋ ይበላል። ሆዱ ውስጥ ኮምጥጦ አሲድ ይሆንበትና በዓሉ ሳይደርስ ይሞታል። ሦስተኛው ፌስታል ነው። የጨውና የወጥ ሽታ ያለበትን ፌስታል ይውጠዋል፤ እዚያው ሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል። በጉ እየከሳ ሆዱ ግን ትልቅ ይሆናል፤ ሰው ደግሞ ሰባ ይላል። የአቮካዶ ልጣጭና ቅጠል ለበግም ለፈረስም መርዝ ነው፤ ጁስ ቤት በነጻ ቢሰጥሽም አታምጪ። የጫት ገረባ ስጪ የሚልሽ ጎረቤት አይጠፋም፤ ምን ዓይነት ፀረ ተባይ እንደተረጨበት አታውቂምና ይቅርብሽ። አተላ በልክ ከሆነ አይከፋም፤ ፋጉሎም እንደዚያው። የድንች ልጣጭ ከሆነ አረንጓዴ የሆነውንና የበቀለውን ለቅመሽ ጣዪ።

ውኃ። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ጀሪካን ማለት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም። ለሰው ያጠራቀምሽው በርሜል ለእነሱ አይበቃም፣ የእነሱን ለብቻ ያዢ። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ጠዋት ጠዋት ውኃው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ፈረስ እንዲህ ያለውን ጥቂት ቀምሶ ይተወዋል። ደረቅ ድርቆሽ በልቶ ውኃ ያነሰው ፈረስ ሆዱ ይደርቃል። ከምድጃ ላይ ትንሽ የፈላ ውኃ ጨምሪበት፣ ለብ ይበልለት። ወንዝ ወስደሽ አታጠጪ፤ አልቅት አፍንጫውና አፉ ውስጥ ይገባል። ረግረግ ዳር ያለ ሣርም ለበግ አይሆንም። ትንንሾቹ ቀንድ አውጣዎች የጉበት ትል የሚያሳድጉት እዚያ ነው።

አሁን የፈረሱን እግር አንሺ። እንደዚያ አይደለም፤ በፊቱ አትቁሚ፣ ትከሻው አጠገብ ሆነሽ ወደ ጭራው ዙሪ። እጅሽን ከትከሻው ጀምረሽ እያሻሸሽ ወደ ታች አውርጂ፤ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ስትደርሺ ቀስ ብለሽ ጫን ስትዪው ራሱ ያነሣልሻል። ከተረከዙ ወደ ጫፉ አቅጣጫ ጥረጊ። መሀል ያለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል አትውጊያት፤ ጎንና ጎኗ ያለውን ቦይ ብቻ አጽጂ። ከዚያ አሽትቺ፤ አታፍሪ። ጤነኛ ሰኮና አፈር አፈር ይሸታል፤ የበሰበሰው ከሩቅ ይከረፋል፣ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገርም ይወጣዋል። እንዲህ ከሆነ ጋጣው እርጥብ ነው ማለት ነው፤ መድኃኒት ከመፈለግሽ በፊት ወለሉን አድርቂ። ይህን በየቀኑ፣ በክረምት ደግሞ ጠዋትና ማታ አድርጊ። ሰኮናውን የሚከረክመው ባለሙያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ አንዴ ይምጣ። ምስማር ከወጋው ምስማሩን ነቅለሽ አትርሺው፤ መንጋጋ ቆልፍ ፈረስን እንደሚይዘው የሚይዘው እንስሳ ጥቂት ነው። ክትባቱን ቀድመሽ ጠይቂ፤ አንቺም ራስሽ ተከተቢ።

ስለ ግልቢያው የምለው ቅር ሊያሰኝሽ ይችላል። ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ መሸከም የለበትም። 214 ኪሎ ያልነው ፈረስ ወደ 43 ኪሎ ነው የሚችለው። ትከሻው ላይ ከ148 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ፈረስ በውጭ አገር ፖኒ ይባላል፤ አብዛኛው የአገራችን ፈረስ እዚያው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የአንቺ ደንበኛ ልጅ ነው። የሰባ ጎልማሳ መጥቶ እጥፍ እከፍላለሁ ቢልሽ፣ ፈረሱ አይችልም በይው። ቢቆጣም ይቆጣ፤ ሰኞ ጠዋት ወገቡ የታመመውን ፈረስ የምታገኚው አንቺ ነሽ።

ከመጫንሽ በፊት ጀርባውን በእጅሽ መዳፍ ዳብሺ። ፀጉሩ የተነሣ፣ የሞቀ፣ ሲነኩት የሚሸማቀቅበት ቦታ ካለ በዚያ ቀን ኮርቻ አይጫንም። ገጣባ አንድ ጊዜ ከወጣ ለመዳን ወራት ይፈጃል፤ ሲጀምር ግን የምታውቀው እጅሽ ብቻ ናት። ግላሱ ደረቅና ንጹሕ ይሁን፣ የተጣጠፈ ነገር አይኑርበት። የሆዱን ቀበቶ ልጁ ከመውጣቱ በፊት አንዴ፣ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ደግሞ ዳግመኛ አጥብቂ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህም ይሠራል። ልጁ ሲወጣ ልጓሙን የሚይዝ ሰው ይኑር፤ እናት ፎቶ ለማንሣት ከፈረሱ ኋላ እንዳትዞር አስቀድመሽ ንገሪያት። ፈረስ ከበስተኋላው ያላየውን ይራገጣል። ቅዳሜና እሑድ ከሠሩ ሰኞ ሙሉ ቀን ይረፉ። ገበያ አለና ሰኞም ይሥሩ ማለት ጡር አለው።

ብርዱን ብዙ አትፍሪ። በስኮትላንድ ሰሜን፣ ባሕር መካከል ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች ከእኛዎቹ በጣም የሚያንሱ ፈረሶችና ጸጉራም በጎች ነፋስ በማያቆምበት ሜዳ ይውላሉ፤ የሚያኖራቸው ወፍራም ጠጉራቸውና ሆዳቸው ውስጥ ያለው ድርቆሽ ነው። እንጦጦም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ፈረሶቻችን ግን የደጋ ልጆች ናቸው። የሚጎዳቸው እርጥበትና በስንጥቅ የሚገባ ነፋስ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጣሪያው አይፍሰስ፣ ወለሉ ወደ አንድ በኩል ያዘንብል፣ የጎርፍ ቦይ ከሰኔ በፊት ይቆፈር። አየር ማስገቢያ ከላይ ይኑር፤ ብርድ እንዳይገባ ብለሽ ሁሉን ብትደፍኚው የሽንቱ ሽታ ሳንባቸውን ይጎዳዋል። በጣም በረዳቸው ብለሽ ካሰብሽ ማታ ድርቆሽ ጨምሪላቸው፤ ሲፈጩት ይሞቃቸዋል። በግ ስትገዢም የምትኖሪበትን አገር አስቢ። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፣ ሱፏ ግን ለዚህ ተራራ የተሠራ ነው።

ማታ በር። እንጦጦ ጅብ አለ፤ ሌሊት እስከ አስፋልቱ ይወርዳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብሽ፣ ከመምሸቱ በፊት በጎቹን ቆጥረሽ አስገቢ። በሩ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ጅብ ይፈለቅቀዋል፤ ከውስጥ በእንጨት አጠናክሪው። ከሥሩ የሚቆፍርበት ቦታ እንዳይኖር ድንጋይ ቅበሪ። ባለቤት የሌለው ውሻም ከጅብ አያንስም። የተነከሰ እንስሳ ካለ አፉን በባዶ እጅሽ አትንኪ። ውሻው ወይም የተነከሰው እንስሳ አንቺን ወይም ልጆችን ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለሩብ ሰዓት አጥባችሁ ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የዓውዳመት ሰሞን ደግሞ ባለ ሁለት እግሩ ጅብ ይበዛል፤ ቁልፉ በእጅሽ ይደር። የደመራ ምሽት፣ ርችት በሚተኮስበት ሌሊት ፈረሶቹ ከጋጣ አይውጡ፤ ድርቆሽ ስጪያቸው፣ መብራት አብሪላቸው፣ የለመዱት ሰው አጠገባቸው ይደር።

ስለ በጎቹ አንድ ከባድ ነገር አለ። ሾላ ወይም ካራ ገበያ ወርደሽ በግ ስትገዢ ደላላው ያጣድፍሻል፤ አንቺ ግን ለምን እንደምትገዢው በልብሽ ይዘሽ ሂጂ። ለፋሲካ ከሆነ ለፋሲካ ነው። ሙክቱን አስገቢ፣ ለይተሽ እሰሪው፣ ልጆቹም ከመጀመሪያው ቀን ይወቁ። ሊያለቅሱ ይችላሉ፤ ግን እንዳታለልሻቸው አይሰማቸውም። የሚኖር በግ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው የሚኖር ይሁን። ስም ወጥቶለት፣ በልጅ እጅ ዳቦ በልቶ፣ አንገቱ ላይ ሪባን ታስሮለት፣ የስቅለት ዕለት ለዘንድሮ ገንዘብ አጠረን ብሎ ቢላ ማውጣት የልጅን እምነት ማረድ ነው። ይህን ውሳኔ ከባልሽም፣ ከእናታችንም ጋር በግልጽ ተነጋገሩበት፤ ያኔ በዓል በመጣ ቁጥር አትጨቃጨቁም።

ለመኖር የምትገዢውን አፉን ክፈቺ። ከፊት ሁለት ትልልቅ ጥርስ ያወጣ ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ ነው፤ ስምንቱም ከሞላ አራት ዓመት ገደማ ደርሷል። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጠሽ እዪ፤ ቀይ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፣ ነጭ ከሆነ ትል ደሙን ጠጥቶታል። መንጋጋው ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ካለ ገበያው ላይ ተዪው። የገዛሽውን ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻ አቆዪ፤ የበግ ፈንጣጣና የመሳሰለው ካለበት ሳይጋባ ይታይሻል። አንድ በግ ብቻዋን አታኑሪ፣ ትጮኻለች፣ ትከሳለች። ግልገሉን በጡጦ ያሳደግሽው ወንድ ከሆነ አስቀድመሽ አስኮላሺው። ሰው የማይፈራ አውራ በግ ሲጎለምስ ልጆቹን እንደ ተፎካካሪ አውራ ቆጥሮ ይወጋል። እናቲቱ ካረገዘች አምስት ወር ቆጥረሽ ቀኗን ጻፊ፤ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ መኖዋን ጨምሪ። አንቺ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን በግ ስትወልድ አታዋልጂ፣ የጨነገፈ ነገርም አትንኪ፤ ከእናት ወደ ፅንስ የሚደርስ ሕመም አለበትና ለሌላ ሰው ተዪው።

መድኃኒት ከሱቅ እየገዙ መውጋት የሚባለውን ልማድ ተዪ። የትል መድኃኒት በክብደት ነው የሚሰጠው፤ ያነሰው ትሉን ያለማምደዋል፣ የበዛው እንስሳውን ይጎዳዋል። የክትባት ወቅት መቼ እንደሆነ የወረዳሽን የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂደሽ ጠይቂ። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የአባ ሰንጋ፣ የበግ ፈንጣጣ፣ የአፍሪካ ፈረስ በሽታም ክትባት የሚያመርት ነው። ክትባቱ አገር ውስጥ እያለ እንስሳሽ በዚያ በሽታ ቢሞትብሽ ያስቆጫል። አንድ እንስሳ ድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ያልረጋ ደም ከፈሰሰ አባ ሰንጋ ይሆናል። አትክፈቺው፣ ቆዳውን አታስገፍፊ፣ ሥጋው ለውሻ እንኳ አይሰጥ። የእንስሳት ሐኪም እስኪመጣ ሰውም ውሻም አታስጠጊ።

ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ባልደራስ የሚለውን ስም የካ ውስጥ በሰፈርነቱ ታውቂዋለሽ፤ በቤተ መንግሥት የፈረሶቹ ኃላፊ ማዕረግ ነበር። ለፈረስ ሹም ይሾምለት ነበር። አንቺ ሹምም፣ አሽከርም፣ ገንዘብ ያዥም ነሽ። ስለዚህ የጎረቤቱን ልጅ አስተምሪ፤ ግድግዳው ላይ የጻፍሽውን ያንብብ፣ በቀን ያለውን ሥራ ከአንቺ ጋር ይሥራ፣ ተገቢውንም ክፈዪው። ሰርግ ስትሄጂ፣ ሲያምሽ፣ ስትወልጂ ቤቱ እንዳይፈርስ። ፋንድያውና በጠጡም ገንዘብ ነው። አንድ ጥግ ቆልለሽ አብስዪው፤ ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች ይገዙታል።

መጨረሻ የምልሽ ማንም ደፍሮ የማያነሣውን ነው። በአገራችን ፈረስ አይበላም፤ ስለዚህ ሲያረጅ ገዢ የለውም። በየአስፋልቱ አካፋይ ላይ ጀርባቸው ቆስሎ፣ መኪና እየገፈተራቸው የሚቆሙትን ፈረሶች አይተሻል። አንድ ቀን ሁሉም የሰው ቤት እንጀራ ያበሉ ነበር፤ ባለቤቶቻቸው ክፉ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚያ ቀን ግን አላሰቡም። በደንብ የተያዘ ፈረስ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። ዳማው ፈረስሽ አሁን አሥር ዓመቱ ነው ብለሻል። እስከ አሁን ከኖረው ገና የሚኖረው ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ከእያንዳንዱ እሑድ ገቢ ጥቂት ለጡረታው ለዪለት፤ ለልጆች ልብስ፣ ለቤት ኪራይ ቸገረኝ ብለሽ አትንኪው። ሌላው፣ አምባላዩም እንደዚያው። ጥርሱ ሲያልቅ ድርቆሹን ቆርጠሽ ከፉሩሽካ ጋር እያራስሽ ትመግቢዋለሽ። መቆም ሲያቅተው ደግሞ በመርፌ የሚያሳርፈውን ሐኪም ስልክ፣ የሚቀበርበትን ቦታ፣ የሚከፈለውን ገንዘብ አስቀድመሽ የምታውቂ ሁኚ። ሽጪው የሚል ሰው ሲመጣ ለማን፣ ለምን ሥራ ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱ ካላማረሽ አትሽጪ። ፈረስ መያዝ የቻለ ሰው ማለት ለእኔ ይህን ሁሉ ፈረሱ ገና እየጋለበ ሳለ ያሰናዳ ሰው ነው።